ጉልበታችሁን ለሚያማችሁ የጤና ቡድን ልጆች፦ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ልጠቁማችሁ

እሁድ ጠዋት በጤና ቡድን ኳስ የምትጫወቱ፣ መስቀል አደባባይ ደረጃ ስትወጡ ስትወርዱ የምታነጉ፣ ሰኞ ቢሮ ውስጥ ከወንበር ስትነሱ ደግሞ ጉልበታችሁን ይዛችሁ ‹ወይኔ› የምትሉ ሁሉ፣ ይህ ለእናንተ ነው። ሃያ ሁለት አካባቢ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም በአካል እንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ፣ አለች። ወደ ሜዳ የመለሰችኝ እሷ ናት። እጇ ይባረክ!

የቀኝ ጉልበቴ ከጨዋታ በኋላ ውሃ ይቋጥር ነበር። ደረጃ ስወርድ ከጉልበቴ ሎሚ ስር ይቆረጥመኛል፣ ሳጥፈው ቀጭ ቀጭ ይላል። መካሪ መቼም አይጠፋም። ወጌሻ ጋ ሂድ ያለ አለ፣ ‹ቅባቱ አልቋል፣ መርፌ ተወጋ› ያለ አለ፣ አንድ ክሊኒክ ደግሞ ራጅ አንስቶ ‹ምንም የለም፣ ኳሱን ተወው› ብሎ ሸኘኝ። ምንም ከሌለ ለምን እንደምተወው የነገረኝ የለም።

እሷ ጋ ስገባ መጀመሪያ ያወጣችው ሜትር ነው፣ ያው የልብስ ሰፊ ሜትር። ከጉልበቴ ሎሚ ከፍ ብላ በእስክሪብቶ ምልክት አደረገችና ሁለቱንም ጭኖቼን ለካች። የቀኙ ቀጥኗል። ከዚያ መስታወት ፊት አቁማ በአንድ እግርህ ቁጭ ብድግ በል አለችኝ። በግራው ደህና ወረድኩ። በቀኙ ስሞክር ግን ጉልበቴ ቀጥ ብሎ መውረድ ትቶ ወደ ውስጥ ይዘማል። ‹አየኸው ወንድሜ? ዘለህ ስታርፍ፣ ኳስ ይዘህ ስትዞር የምታደርገው ይህንኑ ነው፣ ያውም በፍጥነት› አለችኝ።

ቀጥላ ያስረዳችኝን በቻልኩት ልንገራችሁ። የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ካርቲሌጅ፣ ልም አጥንት የሚባለው፣ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊሜትር ነው፣ አብዛኛው ደግሞ ውሃ። የደም ስር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው፣ ስትረግጥ ይጨመቃል፣ ስታነሳ እንደ ስፖንጅ መልሶ ይመጥጣል። ስለዚህ እግርን ሰቅሎ መተኛት አይጠቅመውም። ነርቭም የለውም። የሚያመን በዙሪያው ያለው አጥንት፣ ጅማትና የመገጣጠሚያው ሽፋን ነው፣ ካርቲሌጁ ራሱ ዝም ብሎ ሊጎዳ ይችላል። በራጅ የሚታየውም በአጥንቶቹ መሃል ያለው ክፍተት እንጂ ካርቲሌጁ አይደለም።

ታዲያ ስፖርት ጉልበት ይጨርሳል? በ2017 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ሥራ ወጥቶ ነበር። የጉልበትና የዳሌ አርትራይተስ፣ ልም አጥንቱ እየተበላ የሚመጣው የመገጣጠሚያ በሽታ፣ ለጤና ከሚሮጡት 3.5 በመቶው ላይ ተገኘ፣ ከማይሮጡት 10.2 በመቶው፣ ለውድድር ከሚሮጡት ደግሞ 13.3 በመቶው ላይ። ሩጫው ራሱ አዳናቸው ለማለት ይህ ብቻ አይበቃም፣ ግን ‹ሩጫ ጉልበት ይበላል› ለሚሉን መልስ አለው። ኳስ ትንሽ ይለያል። መዞር አለ፣ መጋጨት አለ፣ ሰው ሰራሽ ሳር ላይ ታኬታው ተይዞ አካል ብቻውን መዞርም አለ። ኤሲኤል የሚባለው ጉልበት ውስጥ ያለ ጅማት ወይም ሜኒስከሱ፣ በአጥንቶቹ መሃል እንደ ትራስ የሚያገለግለው፣ ከተቀደደባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ከ10 እስከ 20 ዓመት ውስጥ አርትራይተስ ይይዛቸዋል። እሷ የምትፈራው ይህን ነው። ሌላው ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ተቀምጦ ከርሞ እሁድ እንደ ፕሮፌሽናል መሮጥ። እዚህ ላይ ስሜ ባይጠራም የተነገረው ለእኔ ነው።

ሕክምናው እንደ ጠበቅኩት ማሸትና ማሞቅ አልነበረም። ጭንና መቀመጫን የሚያጠነክር ሥራ፣ የላስቲክ ገመድ፣ ደረጃን በአንድ እግር ቀስ ብሎ መውረድ፣ ቆይቶ ከአጭር ሳጥን ዘሎ ያለ ድምፅ ማረፍ። መለኪያዋ ቀላል ነው፦ በነጋታው ጉልበቱ ካበጠ በዝቷል፣ ካላበጠ ቀጥል። ስለ መርፌው ስጠይቃት ‹ለአንተ አያስፈልግም› ብላ ዘጋችው፣ ብትፈልግ ልትሸጥልኝ ትችል ነበር እኮ። ፊፋ 11+ የሚባለውን የ20 ደቂቃ ማሟሟቂያም አስተማረችኝ፣ በአግባቡ የሚሠሩት ቡድኖች ጉዳታቸው ሲሶ ያህል እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። አሁን ቡድናችን ይሠራዋል። ታላላቆቻችን ‹ኳስ ልንጫወት ነው የመጣነው› እያሉ ያጉረመርማሉ፣ ግን ይሠሩታል።

ጉድለቷንም ልናገር። ምላሷ ሹል ነው፣ የቤት ሥራውን ካልሠራችሁ ገና ስትረግጡ ታውቃለች። ወረፋም አለ። ጉልበታችሁ የሚቆለፍ፣ የሚከዳችሁ ወይም ስትጎዱ ‹ጧ› ያለ ከሆነ ደግሞ እሷ ራሷ መጀመሪያ የአጥንት ሐኪም ጋ ትልካችኋለች፣ ይዛችሁ አትቆይም። ይህን እንደ ጉድለት ከቆጠራችሁት ነው።

ስልኳን እዚህ አልለጥፈውም፣ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ቅዳሜ ጠዋት ይጨናነቃል፣ በሥራ ቀን ብትሄዱ ይሻላል። ቁምጣና የምትጫወቱበትን ጫማ ያዙ፣ ማየት ትፈልጋለች።