ለሩቅ አገልጋዮች ስንቅ የምታሰናዳ ሱቅ፦ የሦስት ዓመት ደንበኛ አስተያየት

በቸርችል ጎዳና ከዋናው ፖስታ ቤት ብዙም ሳትርቅ በምትገኘው በዚህች ጠባብ የቅመማ ቅመም ሱቅ የጸሎት ቡድናችን ሦስት ዓመት ተገልግሏል። ሐሙስ ማታ እየተሰበሰብን የምንጸልይላቸው፣ በእስያ በአንድ አገር ወንጌልን የሚያገለግሉ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር አሉ፤ ለገናና ለፋሲካ ጥቅል እንልክላቸዋለን። ለእነርሱ መጸለይና ስንቅ መላክ ለእኔ የተለያዩ ሥራዎች አይደሉም፤ ጳውሎስም በእስር ሳለ በጢሮአዳ የተወውን በርኖስና መጻሕፍቱን እንዲያመጣለት ጢሞቴዎስን ለምኗል፣ የፊልጵስዩስ ምእመናንም ስጦታቸውን በአፍሮዲጡ እጅ ልከውለታል።

የሱቋ ባለቤት፣ እትዬ ብለን የምንጠራቸው እናት፣ ከመመዘናቸው በፊት ይጠይቃሉ፤ «ልጆቹ ስንት ዓመታቸው ነው? ያሉበት አገር ብርድ ነው ወይስ ሙቀት?» መልሳችንን ሰምተው ሚጥሚጣውን ይቀንሱና በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ይጨምራሉ። በርበሬውን በሁለት ወፍራም ፌስታል ከከተቱ በኋላ አፉን አጥፈው፣ ዳር ዳሩን ወደ ሻማ ነበልባል እያስጠጉ ያጣብቁታል፤ እስከ ዛሬ አንድም ጊዜ አልፈሰሰብንም። በአንገታቸው ማተብ ያሰሩ የኦርቶዶክስ ምእመን ናቸው፣ እኛ ወንጌላውያን ነን፤ ሆኖም ካርቶኑን ባስረከቡን ቁጥር እጃቸውን ከላዩ ላይ አሳርፈው «እግዚአብሔር ይጠብቃቸው» ሳይሉ ሸኝተውን አያውቁም።

ዋጋቸው ከመርካቶ ይወደዳል፤ ስለ ጥራቱ ስል አልከራከርም። የሚታረሙ ሁለት ነገሮች ግን አሉ። አንደኛው፣ በመጀመሪያው ዓመት ካርቶኑን ዙሪያውን በፕላስተር አሽገው ስለሰጡን፣ ፖስታ ቤት ለፍተሻ ሲከፈት ሁሉንም እንደገና ማሰር ግድ ሆነብን፤ ስለዚህ ሳይታሸግ ተቀብላችሁ፣ ፕላስተሩን ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። በመደርደሪያው ላይ የሚሸጡት ካርዶች በትልልቅ ፊደል «ለሚሲዮናውያን» የሚል ጽሑፍ አለባቸው፤ አንዳንዶች በሚያገለግሉበት አገር ግን ይህ አንድ ቃል ብቻውን የመኖሪያ ፈቃድ ሊያሳጣ፣ አብረዋቸው የሚያመልኩትን የአገሩን ሰዎችም ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። እኛ በተራ ወረቀት፣ በእጃችን እንጽፋለን፤ የቤተ ክርስቲያን ስም አንጠቅስም፣ «ስንት ሰው አመነ?» ብለንም አንጠይቅም፤ ይህ ጥያቄ የደከመን ሰው ምን ያህል እንደሚጫን ከራሳቸው ሰምተናል። ይልቁንስ ስለ ቋንቋ ትምህርታቸው፣ ስለ ትልቋ ልጅ ትምህርት ቤት፣ እዚህ አዲስ አበባ ስለታመሙት እናታቸው በየትኛው ሐሙስ እንደጸለይን በቀን በቀኑ እንጽፍላቸዋለን፤ እናታቸውን ጠይቀን ስንመለስም ያገኘነውን ወሬ እንጨምራለን። እትዬ ይህን ስንነግራቸው ካርዶቹን ከመደርደሪያው ለማንሳት ተስማምተዋል፤ ባለፈው ሳምንት ግን አሁንም እዚያው ነበሩ።

ባለፈው ገና፣ በዓሉ እነርሱ ዘንድ ተራ የሥራ ቀን ሆኖ ሳለ፣ ሚስትየው በቴሌግራም በድምፅ መልእክት ልካልን ነበር። ደብዳቤውን ያነበበችው ወጥ ቤት ቆማ፣ በርበሬውን ከመክፈቷ በፊት እንደሆነና ትንሹ ልጅ የበሶውን ፌስታል አቅፎ አልሰጥም እንዳለ ነገረችን።

ለገና የምትልኩ ሰዎች ከጥቅምት መጨረሻ በፊት ሂዱ፤ ከዚያ በኋላ ወረፋው ይረዝማል፣ ጥቅሉም በጊዜ ላይደርስ ይችላል። እኛ ዘንድሮ ለትልቋ ልጅ የአማርኛ ማንበቢያ እንጨምራለን፤ ፊደሉ እየጠፋባት ነው ብላ እናቷ እንድንጸልይላት ጠይቃናለች።