የብርቱካን ልጣጭ ወይስ ትልቁ ማሽን?

ላም ታክማበት ወተቷ ውስጥ የቀረ ቴትራሳይክሊን የተባለ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት እንዴት ይታወቃል? የተለመደው መንገድ ኤችፒኤልሲ የተባለው የላቦራቶሪ ማሽን ነው። ናሙናውን ለያይቶ የትኛው መድኃኒት፣ በምን ያህል መጠን እንዳለ ቁርጡን ይናገራል። ግን ውድ ነው፤ የሠለጠነ ሰውም ይፈልጋል።

ሌላው ከብርቱካን ልጣጭ ይጀምራል። ልጣጩ ደርቆ ይፈጫል፤ ከውሃ ጋር በታሸገ የብረት ዕቃ 180 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ለሰዓታት ይበስላል። ተጣርቶ የሚወጣው ቡናማ ውሃ ከ10 ናኖሜትር ያነሱ የካርቦን ቅንጣቶች አሉት። አልትራቫዮሌት መብራት ሲበራበት ቁልጭ ያለ ሰማያዊ ያበራል። ቴትራሳይክሊን ሲገባ ይደበዝዛል፤ መድኃኒቱ ራሱ ያንን ጨረር ይሻማዋላ!

ችግሩ፣ የወተቱ ፕሮቲንና ስብ ቀድሞ ካልወጣ ንባቡን ያበላሻል። ቴትራሳይክሊንን ከቅርብ ዘመዱ ከኦክሲቴትራሳይክሊን መለየትም ይከብደዋል። እኔ ብጠየቅ፣ ለመጀመሪያ ማጣሪያ ልጣጩን እመርጣለሁ። የገበሬውን ወተት ለማስደፋት ግን ማሽኑ ይመስክር።