የመድን ወኪልነት ፈቃድ ለምትፈልጉ፦ ያሰለጠኑኝን መምህር ልጠቁማችሁ

የመድን ሽያጭ ወኪልነት ፈቃዴ ባለፈው ሳምንት እጄ ገባ። ደስታውን ለብቻዬ ይዤ ከምቀመጥ መምህሬን በአደባባይ ላመስግን፤ ወደዚህ ሙያ ለመግባት ለምታስቡም ልጠቁማችሁ። ስማቸው እንዲህ ባለ ቦታ እንዲጻፍ አይወዱም። የምትፈልጓቸው በውስጥ መልእክት ጠይቁኝና አገናኛችኋለሁ።

እሳቸው ዘንድ የሄድኩት ወድቄ ነው። ቀድሞ የተማርኩበት ማሰልጠኛ (ስሙ ይቅር) ያለፉ ፈተናዎችን ከነመልሳቸው አባዝቶ ሰጠን፤ እኔም እንደ ዳዊት ደገምኩት። ከመልሶቹ አንዱ «30 ሺህ» የሚል ነበር። ፈተናው ላይ የጥያቄው ቁጥሮች ተለውጠው መጡ፤ እኔ ከአማራጮቹ መካከል 30 ሺህን ስፈልግ ሰዓቱ አለቀ።

መምህሩ ያንኑ ጥያቄ አንስተው በሁለት ደቂቃ አስረዱኝ። 100 ሺህ የሚያወጣ ንብረት በ60 ሺህ ብቻ መድን ቢገባለትና የ50 ሺህ ጉዳት ቢደርስበት፣ በተለመደው የንብረት መድን ውል የሚከፈለው 30 ሺህ ነው። ባለንብረቱ የዋጋውን 40 በመቶ ዐረቦን (ለመድኑ የሚከፈለውን ገንዘብ) ሳይከፍልበት በራሱ ጫንቃ ላይ ትቶታልና ከጉዳቱም 40 በመቶውን ራሱ ይሸከማል። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ቢገለባበጥ ምን ገዶኝ!

ዲግሪ ስለሌለኝ እንዳልከለከል ሰግቼ ነበር። «በብዙ አገሮች ለወኪልነት ሁለተኛ ደረጃን ማጠናቀቅ ይበቃል፤ ነገር ግን የእኔን ቃል አትመኚ፣ የተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት መመሪያ አንብበሽ ነይ» አሉኝ። አነበብኩ። ከትምህርት ማስረጃው ይልቅ የሚከብዱት ሌሎቹ ሆነው አገኘኋቸው፦ ሥልጠናው፣ ፈተናው፣ ከማጭበርበርና ከእምነት ማጉደል ጥፋት ነጻ መሆን፣ የሚወክሉት መድን ሰጪ ኩባንያ ማግኘት። ፈቃዱም አንዴ ተወስዶ የሚቀመጥ አይደለም፤ ጊዜው ሲደርስ ይታደሳል። ደላላ ለመሆን መስፈርቱ የበለጠ ይጠብቃል። ደላላው የሚቆመው ለደንበኛው፣ ወኪሉ ግን ለኩባንያው ነውና፤ ይህን ልዩነት በሥራው ላይ ያሉ ሰዎች እንኳ ሲያምታቱት ሰምቻለሁ።

ከሁሉ የማልረሳው አንድ ከሰዓት ነው። እሳቸው ደንበኛ፣ እኔ ወኪል ሆነን የሕይወት መድን ማመልከቻ እንሞላለን። «የደም ግፊት አለብኝ፤ ዐረቦኑ እንዳይጨምርብኝ ግን ተይው» አሉኝ። ሽያጩ እንዳያመልጠኝ ሳስቼ «የለም» ብዬ ሞላሁ። ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ለሁለት ቀደዱት።

«ይህ ሰው ለዓመታት ሲከፍል ይኖራል። ሲሞት ሚስቱ ካሳውን ልትጠይቅ ትሄዳለች፤ የሕክምና መዝገቡም ይወጣል። ያን ቀን የምትፈልገው አንቺን ነው።»

ዝም አልኩ። የላቀ ቅን ልቦና የሚባለውን፣ በመድን ውል ላይ እውነትን አትደብቅ የሚለውን መርሕ ያስተማሩን ከዚህ በኋላ ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1766 የእንግሊዙ ዳኛ ሎርድ ማንስፊልድ በካርተርና በቦህም ክርክር የሰጡትን ፍርድ ይዘው። ነገሩ በሱማትራ ደሴት የነበረ አንድ ምሽግ በጠላት እንዳይያዝ የተገባ መድን ነው። ምሽጉ በፈረንሳዮች ተያዘና መድን ሰጪው «ደካማነቱ አልተነገረኝም» ብሎ ካሳውን ከለከለ። የረታው ግን መድን የገባው ወገን ሆነ። እውነት የመናገር ግዴታ ሁለቱንም ወገን ያስራል፤ መድን ሰጪውም የሚያውቀውን ወይም ሊያውቅ የሚገባውን ነገር ተደበቀብኝ ማለት አይችልም። መርሑ ደንበኛን ብቻ ማጥመጃ ይመስለኝ ነበርና ይህን ስሰማ ገረመኝ።

ጉድለታቸውንም ልናገር። ለስልክ ጥሪ ቶሎ አይመልሱም፣ ትምህርቱን በሰዓቱ ጨርሰው አያውቁም፤ ቀጠሮ ያለው ሰው ይቸገራል። ሰነፍንም ፊት ለፊት ይናገራሉ።

ደግሞም የጥያቄና መልስ ወረቀት ይኖራችኋል ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቋቸው። እኔ በመጀመሪያው ቀን ጠይቄያቸው ነበር፤ የሰጡኝ ያልተሞላ የማመልከቻ ቅጽ ነው።