ሁለት ጣሳ የማርሽ ዘይት፦ ለሊሚትድ ስሊፕ ዲፈረንሻል የሚሆነው የትኛው ነው?

መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ጣሳዎችን ያስቡ። ሁለቱም ላይ የውፍረቱ ቁጥር 75ደብልዩ-90 ተጽፏል፤ ሁለቱም ላይ የዘይቱ የአገልግሎት ደረጃ ጂኤል-5 ተጽፏል። አንደኛው ግን ከታች በደቃቅ ፊደል «ኤልኤስ» (ሊሚትድ ስሊፕ በአጭሩ) የሚል ጭማሪ አለው፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። አንዱ ገዢ ርካሹን ያነሣል፤ ሌላው «ውድ ከሆነማ ይሻላል» ብሎ ውዱን ይይዛል። ሁለቱም የተሳሳቱ ሊሆኑ ይችላሉ፤ መልሱ ያለው ጣሳው ላይ ሳይሆን በመኪናው ሆድ ውስጥ ባለው ዲፈረንሻል፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ለግራና ለቀኝ ጎማ በሚያከፋፍለው የጥርስ ሥራ ላይ ነውና።

እኔ ከርካሹ ወገን ነበርኩ። የኋላ ዲፈረንሻሌን ዘይት በገዛ እጄ ቀየርኩና ለተራ ዲፈረንሻል የሚሆን ጂኤል-5 ሞላሁበት። በማግስቱ መሪውን እስከ ጥግ አዙሬ ከመኪና ማቆሚያ ስወጣ ከኋላ ወንበሩ ሥር «ግርር፣ ግርር» የሚል መንቀጥቀጥ ተነሣ፤ መሪውን ሳቀና ጠፋ። ኩሽኔታ ነው ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ጎማ ስነቀንቅ ከረምኩ። ኩሽኔታው ምንም አልሆነም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተራ ዲፈረንሻል አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ ከተንሸራተተ ሌላውም ከእርሱ የበለጠ ጉልበት አያገኝም፤ መኪናው በአንድ ጎማ እየዞረ ይቆማል። ሊሚትድ ስሊፕ ይህንን ለመግታት የተሠራ ነው። በብዛት የሚታወቀው ዓይነት በውስጡ እንደ ፍሪሲዮን የተደራረቡ ስስ ሳህኖች አሉት። ኩርባ ላይ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ ርቀት ስለሚሄድ ሳህኖቹ እርስ በርስ መንሸራተት አለባቸው። ዘይቱ ውስጥ ሰበቃን የሚያለሰልስ ቅመም ከሌለ ሳህኖቹ በዝግታ አይንሸራተቱም፤ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ያደርጋሉ። እኔ የሰማሁት ድምፅ ያ ነበር።

እንግዲህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የትኛው ዘይት?» ሳይሆን «የትኛው ዲፈረንሻል?» ነው። የሳህን ከሆነ የኤልኤስ ጣሳው የእርስዎ ነው። የጥርስ ከሆነ፣ ማለትም ቶርሰን ወይም መሰሉ፣ ሥራውን የሚሠራው በጥርሶቹ መጨናነቅ ስለሆነ ቅመሙን አይፈልግም፤ አምራቹ ካላዘዘ በቀር ያለ ኤልኤስ የሆነው ጂኤል-5 ይበቃዋል። በፍሬን እየያዘ ጎማውን የሚገታው ኤሌክትሮኒክ ዘዴ ደግሞ በአብዛኛው ተራ ዲፈረንሻል ላይ የተጫነ ነው፤ ስሙ አያታልልዎ።

ዓይነቱን ለማወቅ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ያንብቡ፤ ከዲፈረንሻሉ መሙያ አጠገብ የተለጠፈ ወይም በቡሎን የታሰረ ምልክት ካለም ይፈልጉ። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አንሥቶ አንዱን በእጅ የማዞር ሙከራም አለ፤ ሌላው በተመሳሳይ አቅጣጫ ከዞረ ሊሚትድ ስሊፕ ነው። በተቃራኒው ከዞረ ግን አይቸኩሉ፤ ሳህኑ ያለቀበትም ሆነ ቶርሰን እንዲሁ ሊዞር ይችላል። ሙከራው የሚደረገው ሞተር ጠፍቶ ነው። አንድ ጎማ ብቻ በክሪክ ተነሥቶ ሞተር ቢነሣና ማርሽ ቢገባ፣ መሬት ላይ ያለው ጎማ መኪናውን ከክሪኩ ላይ ሊገፋው ይችላል።

ሳህን ላለው ዲፈረንሻል ሁለት መንገድ አለ፦ ቅመሙ አስቀድሞ የተቀላቀለበትን መግዛት፣ ወይም ተራውን ጂኤል-5 ገዝቶ ቅመሙን ለብቻው መጨመር። ሁለተኛው የሚመች ለሚነካካ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ትንሽ ጠርሙስ 118 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ መንቀጥቀጡ ሲቆም ማቆም ይቻላል። አደጋው ማብዛቱ ነው። ቅመሙ ሲበዛ ሳህኖቹ ከመጠን በላይ ስለሚንሸራተቱ ዲፈረንሻሉ ተራ ወደ መሆን ይጠጋል፤ ለመቆለፍ የከፈሉበትን ራስዎ ፈቱት ማለት ነው። ስለዚህ ኤልኤስ በተጻፈበት ዘይት ላይ ሌላ ጠርሙስ «ለጥንቃቄ» አይጨመርም። እኔ ዛሬ የምገዛው የተቀላቀለውን ነው፤ የሚተርፈኝ ጊዜ ስለሌለ።

ስለ ቁጥሩ ብዙ ክርክር ይሰማል። ከ«ደብልዩ» በፊት ያለው የብርድ ጠባዩን ይናገራል፤ 75ደብልዩ ከዜሮ በታች እስከ 40 ዲግሪ፣ 80ደብልዩ እስከ 26፣ 85ደብልዩ እስከ 12 ድረስ መፍሰስ እንዲችል ይፈተናል። የኋለኛው ቁጥር በ100 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውፍረቱ ነው። የማርሽ ዘይት 90 ከሞተር ዘይት 50 ይወፍራል ማለት አይደለም፤ መለኪያው ሌላ ነው፣ በሞተር ዘይት መለኪያ ወደ 40 ወይም 50 ይጠጋል። ለዕለት ተዕለት መንዳት 75ደብልዩ-90 ወይም 80ደብልዩ-90 ይበቃል። ከባድ ተጎታች የሚስብ ወይም ረጅም ዳገት የሚወጣ መኪና ግን አምራቹ 75ደብልዩ-140 ካዘዘለት ያንኑ ይጠቀም። «ወፍራም ይጠብቃል» ብሎ ሳይታዘዝ 140 መሙላት ዘይቱን ለማገላበጥ ጉልበት ማባከን ነው።

ሲንተቲክ ወይስ ማዕድን? ለሙቀትና ለጭነት ሲንተቲክ ይረዝማል፤ በቀላል ሥራ ላይ ያለና በየጊዜው የሚቀየርለት ዲፈረንሻል ግን በማዕድን ዘይት አይሞትም። ጂኤል-4ን ግን ለካምቢዮ ይተዉት። የዲፈረንሻሉ ሃይፖይድ ጥርሶች በከባድ ጫና እየተፋተጉ ስለሚዞሩ በጂኤል-5 ውስጥ ያለውን የድኝና የፎስፎረስ ቅመም ይፈልጋሉ። በተቃራኒው ያ ቅመም የአንዳንድ ካምቢዮዎችን የነሐስ ቀለበት ሊጎዳ ስለሚችል ተራርፎ ወደዚያ አይገለበጥም።

ለመቀየር መኪናውን ጥቂት ነድተው ዘይቱን ያሙቁ፤ ከዚያ በተስተካከለ ቦታ ያቁሙ። ቀድሞ የሚፈታው የመሙያው ቡሎን እንጂ የማፍሰሻው አይደለም። ይህን የሚዘነጋ ሰው ዘይቱን አፍስሶ ሲያበቃ የዛገ መሙያ ይገጥመዋል፤ ከዚያ መኪናውም ባለቤቱም እዚያው ናቸው። አንዳንዱ ዲፈረንሻል ማፍሰሻ ስለሌለው የኋላ ክዳኑ ይፈታል።

አሮጌው ዘይት ይሸታል፤ የድኙ ጠባይ ነው፣ አያስደንግጥ። በቡሎኑ ጫፍ ያለውን ማግኔት በጣት ይጥረጉ። እንደ እርሳስ ብናኝ የሆነ ግራጫ ጭቃ ጤነኛ ነው። በጣት ተለይቶ የሚያዝ ስለታም የብረት ስባሪ ከተገኘ ግን ዘይት መቀየር በቂ አይደለም። ወተት የመሰለ ዘይት ደግሞ ውኃ ገብቷል ማለት ነው፤ ወንዝ ያቋረጠ መኪና ቀኑ ሳይደርስ ይፈተሻል።

የሚሞላው ዘይቱ ከመሙያው አፍ ታችኛ ጠርዝ ጋር እስኪተካከልና መንጠባጠብ እስኪጀምር ነው። ከዚያ ሰፊና ባዶ ቦታ ፈልጎ በዝግታ የ8 ቁጥርን ቅርጽ እየሠሩ መንዳት ነው፤ አዲሱ ዘይት በሳህኖቹ መካከል የሚገባው እንደዚያ ነው። የእኔ መኪና አምስተኛው ዙር ላይ ዝም አለች። ብዙ ዙር ተነድቶ፣ ቅመሙም በልኩ ገብቶ መንቀጥቀጡ ከቀጠለ ጥርጣሬው ከዘይቱ ወደ ሳህኖቹ ይዞራል፤ ያኔ የሚገዛው ሌላ ጣሳ አይደለም።