ወንድሜን ይዤ ጂም የተመላለስኩባቸው 4 ወራት፦ ከደብረ ብርሃን

ታናሽ ወንድሜ የ24 ዓመት ወጣት ሲሆን ዳውን ሲንድሮም (አብሮት የተወለደ፣ የአእምሮና የአካል እድገትን የሚገድብ ሁኔታ) አለበት። ባለፈው መስከረም ሐኪም ቤት ሲመዘን 81.5 ኪሎ ግራም ሆኖ ተገኘ፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ52 ሳንቲ ሜትር በመሆኑ ሐኪሙ ክብደቱ ከሚገባው እጅግ ማለፉን ነግሮን እንቅስቃሴ እንዲጀምር አዘዘ። ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ በሳምንት 3 ቀን ደብረ ብርሃን ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ጂም ይዤው ስመላለስ ቆይቻለሁ። ይህን የምጽፈው የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ያላቸው የሰሜን ሸዋ ቤተሰቦች ገንዘባቸውን ከመክፈላቸው በፊት ምን እንደሚገጥማቸው እንዲያውቁ ነው። የቤቱን ስም አልጠራም፤ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ጂሙን መጥራት ወንድሜን መጥራት ይሆንብኛል።

በምዝገባው ልጀምር፣ ምክንያቱም ትልቁን ጉድለት ያየሁት እዚያ ነው። የተሰጠን ቅጽ ስም፣ ስልክ ቁጥርና "ስንት ኪሎ መቀነስ ይፈልጋሉ?" ከሚል ጥያቄ በቀር ስለ ጤና አንድም ነገር አይጠይቅም። ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳሉ፤ አንገት ላይ የሚገኘው የታይሮይድ ዕጢ መዳከም በብዙዎቹ ላይ ይታያል፣ እሱም ሳይታከም ከቆየ ክብደት ይጨምራል፣ ድካምም ያመጣል፤ የአንገት የላይኛዎቹ 2 አጥንቶች መጋጠሚያም ልል ሊሆን ስለሚችል መገለባበጥና በጭንቅላት መቆም አደጋ አለው። እኛ የልቡንም የታይሮይዱንም ምርመራ አስቀድመን ጨርሰን፣ የሐኪሙን ወረቀት ሳንጠየቅ ነው ያስረከብነው። የአእምሮ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያላችሁም ይህን ለሐኪማችሁ አንሱ፤ እንደ ኦላንዛፒን፣ ሪስፐሪዶንና ቫልፕሮይክ አሲድ ያሉት የምግብ ፍላጎትንና ክብደትን ስለሚጨምሩ ጥፋቱ ሁሉ የልጁ ሆድ ላይ ሊላከክ አይገባም። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ፈጽሞ አይሆንም።

አሠልጣኙ ለዚህ ጂም የምሰጠውን ምስጋና ሁሉ ያስገኘ ወጣት ነው። የመጀመሪያዎቹን 2 ቀናት ወንድሜ አጠገቡ ቆሞ ሳለ "ይደክመዋል? ይሄን ይችላል?" እያለ የሚጠይቀው እኔን ነበር። በ3ኛው ቀን "ራሱን ጠይቀው" አልኩት። ትንሽ አፈረና ዞር ብሎ ጠየቀው፤ ወንድሜም "እችላለሁ ጋሼ" አለ፤ ከዚያ ወዲህ በመካከላቸው አልገባሁም። መመሪያውን አንድ በአንድ ይሰጣል፣ ከመናገሩ በፊት ራሱ ሠርቶ ያሳያል፣ አብሮት ጮክ ብሎ እስከ 10 ይቆጥራል። ወንድሜ ማንበብ ስለማይችል የዕለቱን ሥራ በካርቶን ላይ በሥዕል አዘጋጅቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለለት፦ እርምጃ፣ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ኳስ መወርወር፣ ማሳሳብ። አንዱ ባለቀ ቁጥር ወንድሜ ካርቶኑን ይገለብጣል፤ የመጨረሻውን ሲገለብጥ የሚያሳየውን ኩራት ለማየት ብቻ እንኳ ወርሃዊውን 900 ብር መክፈል አይከፋኝም።

በመሮጫ ማሽኑ ላይ ግን ተጋጭተናል። አሠልጣኙ ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሶ በሚገኘው ቁጥር (የልብ ከፍተኛ ምት ተብሎ በሚገመተው) እየተመራ፣ የልብ ምቱ በደቂቃ 140 አልደረሰም በማለት ፍጥነቱን ይጨምርበት ነበር፤ "ሰነፈ" የሚል ቃልም ሰምቻለሁ። ነገር ግን ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ሰዎች የልባቸው ከፍተኛ ምት ከሌላው ሰው በግልጽ ያነሰ ስለሆነ ያ ስሌት ለእነሱ አይሠራም። ይህን ካስረዳሁት በኋላ መለኪያውን ለወጥን፦ ወንድሜ ዘፈን ይወዳልና፣ እየሄደ ከዘፈነ እርምጃው ቀሏል፣ መዝፈን አቅቶት ማውራት ከቻለ ልክ ነው፣ ማውራትም ካቃተው ይቁም። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኝ ከተማ ትንፋሽ ቶሎ እንደሚያጥርም አይዘነጋ። ውጭ መራመድ በነፃ የሚገኝ ነገር ነው፤ ሆኖም በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ማንም ከብርድ ልብሱ አይወጣም፣ ስለዚህ ሞቅ ያለ አዳራሽ መኖሩ ለእኛ ቅንጦት አልነበረም። በ3ቱ ቀናት 50 ደቂቃ፣ 50 ደቂቃ ሲሠራ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 አካል ጉዳተኞችን ጨምሮ ለአዋቂዎች ያወጣውን ዝቅተኛውን በሳምንት የ150 ደቂቃ እንቅስቃሴ መጠን ይሞላል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ሽልማቱ ነው። ሥራውን ሲጨርስ "ጎበዝ!" ተብሎ ለስላሳ ይከፈትለት ነበር። በ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር ስላለ የግማሽ ሰዓት ዘገምተኛ እርምጃ ያቃጠለው በጥቂት ጉንጭ ይመለሳል። አሁን ሽልማቱ ጂሙ ውስጥ የሚሰማውን ዘፈን ራሱ መምረጥ ሆኗል፤ ሌሎቹ ደንበኞች አንድን ዘፈን 4 ጊዜ መስማታቸውን በትዕግሥት ተቀብለውታል።

በዚህ አሠልጣኙን ብቻ መውቀስ አድልዎ ይሆናል። እናታችን "እሱ ሌላ ምን ደስታ አለው፣ ይብላ እንጂ" የምትል ናት፤ ጎረቤቱም ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ ጠርቶ ዳቦና ቆሎ ያስታቅፈዋል፣ ሻዩ ላይ 4 ማንኪያ ስኳር ይጨምርለታል። ምግብ አልከለከልነውም፤ የራሱን ትንሽ ሳህን ገዛንለት፣ ሽሮና ጎመኑን አበዛን፣ እንጀራውን ቀነስን፣ ስኳሩን በየሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ አወረድን። ጎረቤቶቹን ማሳመን ከእሱ ይልቅ ከብዶናል።

በታኅሣሥ አሠልጣኙ ለ2 ሳምንት ሲቀር የቤቱ ድክመት ተገለጠ። ተተኪው ካርቶኑን ከግድግዳ ላይ አንሥቶ፣ ሙዚቃውን ከፍ አድርጎ፣ ወንድሜን ከሌሎች ጋር በአንድ ረድፍ አሰለፈው። ወንድሜ ጆሮውን ይዞ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ በቀጣዩ ቀን ጫማውን አላስርም አለ። የሚሠራውና የማይሠራው ነገር በአሠልጣኙ ጭንቅላት ውስጥ እንጂ በጂሙ መዝገብ ላይ አልነበረም። አጃቢ በመሆኔ ከእኔም የመግቢያ ክፍያ ይጠየቅ እንደነበር፣ ከ3 ሳምንት ክርክር በኋላም እንደ ቀረ ልጨምር።

በጥር መጨረሻ ክብደቱ 77.8 ኪሎ ግራም፣ የወገቡ ዙሪያም ከ112 ወደ 105 ሳንቲ ሜትር ወርዷል። ቀድሞ 2 ጊዜ ቆሞ ይወጣው የነበረውን የጂሙን ደረጃ አሁን ሳያርፍ ይወጣዋል፤ እኔ ከኪሎው ይልቅ ይህን እቆጥራለሁ። ለመጀመር የምታስቡ ሰዎች ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሂዱ፤ አዳራሹ ባዶ፣ ሙዚቃውም ዝግ ያለ ነው። እኛ የየካቲትን ከፍለናል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ቤተሰቡ ከ9 ሰዓት በኋላ ስለሚበላ በሞላ ሆድ እንዳይሠራ ሰዓታችን ወደ 11 ተኩል እንዲዛወር፣ ካርቶኑም ማንም ቢያሠለጥን ከግድግዳው እንዳይነሳ ባለቤቱን ጠይቀናል፤ ካርቶኑን ፈቅዷል፣ በሰዓቱ ላይ ገና መልስ አልሰጠንም።