ዕቃ የተጨመረበት ሞተር ጋራንቲው ይቀራል? ስለ አንድ የጅማ ሞተር መሸጫና ጋራዥ

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ሥራዬ ከጅማ ወደ ማናና ሰቃ ጨቆርሳ የገጠር ቀበሌዎች ያመላልሰኛል። የክትባት ማቀዝቀዣ ሳጥን ከኋላዬ አስሬ፣ ክረምት ከበጋ ነው የምነዳው። ስለዚህ ባለ 150 ሲሲ ሞተሬን ስገዛ ከፋብሪካ እንደወጣች እንደማልይዛት አውቅ ነበር። ከኋላ የዕቃ መጫኛ ብረት ያስፈልጋታል። የጭጋግ መብራትም የግድ ነው፤ በክረምት ማለዳ የአጋሮን መንገድ የነዳ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቀኝም።

ሞተሯን የገዛሁበትን ቤት ስም አልጠራም። የምለው ነገር ሞተር የሚሸጥ ሁሉ ጋ የሚያጋጥም ነው።

ስለ ሽያጩ ብዙ የምለው የለኝም። ወረቀቱ ቶሎ አለቀ፣ የሸጠልኝ ልጅም ትሑት ነው። ስለ ጋራንቲው ግን የነገረኝ «አንድ ዓመት ወይም 12,000 ኪሎ ሜትር፣ ቀድሞ የሞላው» የሚለውን ብቻ ነው። ምን ሲደረግ ነው የሚቀረው ብዬ ስጠይቀው የጋራንቲውን መጽሐፍ አቀበለኝ። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር እንግሊዝኛ ነው። እኔስ አነበብኩት። አጠገቤ ሞተር ሲገዙ የነበሩት አባት ግን አፋን ኦሮሞና አማርኛ እንጂ እንግሊዝኛ አያነቡም። ገለጥ ገለጥ አድርገው ኮታቸው ኪስ ከተቱት። ይሄ በጣም ነው የከነከነኝ። ያን ሁሉ ብር የከፈለ ሰው ምን ዋስትና እንደገዛ የማወቅ መብት አለው።

መጽሐፉ ስለተጨመረ ዕቃ የሚለው ሲጠቃለል ይህ ነው፦ ከኩባንያው ውጪ የተገጠመ ወይም የተለወጠ ዕቃ ላስከተለው ብልሽት ኩባንያው አይጠየቅም። «ላስከተለው» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ከተማው ውስጥ የሚወራው ሌላ ነው። «አንድ ቡሎን ከነካህ ጋራንቲህ አለቀ» ይባላል። ሰውም ይህን ፈርቶ፣ መብቱ እያለ ሳይጠይቅ ከኪሱ አውጥቶ ያሠራል።

የዚህ ቤት ትልቁ ሀብት የጋራዡ ዋና መካኒክ ናቸው። ምንም ነገር ከማስገጠሜ በፊት ሄጄ አማከርኳቸው። ዘይት የነካው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ቁጭ ብለው አስረዱኝ። የኋላው ብረት ከፋብሪካ በተዘጋጀው የቡሎን ቀዳዳ ላይ ከታሰረ ችግር የለውም። ሻንሲው ላይ ከተበየደ ግን ብየዳው አጠገብ ስንጥቅ ቢወጣ ማንም አይቀበልሽም አሉኝ። መብራቱ የራሱ ፊውዝና የራሱ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ይኑረው፣ ከባትሪው በቀጥታ ይምጣ፣ የፋብሪካው ገመድ እንዳይቆረጥ አሉ። ማርሚታና የአየር ማጣሪያ ላይ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ድምፅ እንዲያወጣ ብለው ማርሚታ የሚቀይሩና ማጣሪያውን አውጥተው የሚጥሉ ልጆች አሉ። ያኔ አየሩ ይበዛል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል። በዚያ ላይ የበጋው አቧራ ቀጥታ ይገባና ፒስተኑንና ሲሊንደሩን ይፍቀዋል። «እንዲህ ሆኖ ከመጣ ካንዴላውን ሳወጣ ነጭ ሆኖ አየዋለሁ፤ እሱ ራሱ ይነግረኛል» አሉኝ።

እንዳሉት አስገጠምኩ። ከወራት በኋላ ሁለተኛ ማርሽ መዝለል ጀመረ። ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጣት ማርሹ ይወጣና ሞተሯ በባዶ ትጮሃለች። ሳጥኑ ሙሉ ክትባት ይዤ፣ ከኋላዬ አይሱዙ እየመጣ ይህ ሲሆን ያስፈራል።

መቀበያው ላይ ያለው ሠራተኛ ሞተሯን ከሩቅ አይቶ «ብረትና መብራት አስገጥመሻል፤ ጋራንቲ የለሽም» አለኝ። መጽሐፉን ከፍቼ ዐረፍተ ነገሩን አሳየሁት። አልሰማኝም። ዋናው መካኒክ እስኪመጡ ጠበቅኩ። መጡ፣ አንዴ ነድተው ተመለሱ፣ ከዚያ ለሠራተኛው በእርጋታ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። «የኋላ ብረት ማርሽ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል?»

ሲከፈት ጠሩኝ። «ዶክተር፣ ነይ እስቲ ይሄን እዪ።» መዳፋቸው ላይ ያለው ማርሽ በጎኑ የሚቆላለፍበት ጥርስ አለው። ጠርዙ ስለት ያለው መሆን ሲገባው ተድበልብሏል። በጣቴ ሳልፍበት የሚይዝ ነገር የለም። «ብረቱ ሳስቶ ነው የወጣው፤ ይሄ የፋብሪካ ነው» አሉ። ዕቃውም የእጅ ዋጋውም በጋራንቲ ተሸፈነ።

የዚያን ዕለት አንድ ወጣት ግን ጋራንቲ ተከልክሎ ተመልሷል። መርካቶ አካባቢ ፓውዛ፣ አላርምና ሙዚቃ አስገጥሞ የሞተሩ ኤሌክትሪክ ተቃጥሎበታል። መካኒኩ ፕላስተሩን ልጠው ገመዱን አሳዩት። የፋብሪካው ገመድ መሐል ላይ ተልጦ ሦስት ቀጫጭን ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ላስቲኩ ቀልጦ ከሻንሲው ጋር ተጣብቋል፣ ፊውዙ ቦታ ላይ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን የሚመስል የሚያብረቀርቅ ወረቀት ገብቷል። ልጁ አዘነ፣ ግን አልተከራከረም። ምክንያቱን በዓይኑ አይቷልና። ለእኔ የተሰጠው መልስና ለእሱ የተሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ፍርድ ነው። ሁለታችንም የተጠየቅነው የጨመርነው ነገር ብልሽቱን አመጣው ወይስ አላመጣውም የሚለውን ነው።

ይህ የአንድ መካኒክ ደግነት ብቻ አይደለም። እኛም አገር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነገር አለ፤ አምራች «የእኔን መለዋወጫ ካልተጠቀምክ ጋራንቲ የለህም» ማለት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2022 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ በዚሁ ምክንያት የሞተር አምራቹ ሃርሊ ዴቪድሰን ላይ እርምጃ ወስዷል። የሰው አገር ሕግ ጅማ ላይ አይሠራም፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነው።

የቤቱ ጉድለት ሁለት ነው። ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንታት አለፉ፤ እስከዚያ በሰው ሞተር ነበር የምሠራው። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚርቅ ዕቃ ይህ በዝቷል። ሁለተኛው ይብሳል፦ መካኒኩ ባይኖሩ ኖሮ የመቀበያው ሰው ቃል የመጨረሻ ይሆን ነበር። የደንበኛ መብት አንድ ሰው ሥራ በመግባቱና ባለመግባቱ ላይ ሊንጠለጠል አይገባም።

ስሙን ባልጠራም፣ ቤቱን ለይታችሁ ካወቃችሁት እመክረዋለሁ። ዕቃ ከማስገጠማችሁ በፊት ጋራዡን ጠይቁ፤ የተፈቀደላችሁንም የሰርቪስ ካርዱ ላይ አስጽፋችሁ አስፈርሙ። እኔ ብረቱንና መብራቱን አሁን አስመዝግቤያለሁ። ለሥራ አስኪያጁም የጋራንቲው ገጽ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ታትሞ ለገዢ እንዲሰጥ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። ገጹን በሁለቱም ቋንቋ ራሴ እንደምተረጉምላቸው ነግሬያቸዋለሁ፣ እሺ ብለዋል፤ ረቂቁን በዚህ ሳምንት አደርሳለሁ።