ለሽሮና ለበርበሬ ሂዱ፣ ለጤፍ ግን አስቡበት

ደብረ ማርቆስ ላይ ደህና ማኪያቶ የት እንደሚገኝ የሚነግራችሁ ሰው አታጡም። ደህና ወፍጮ ቤት የሚጠቁም ግን የለም። እኔ ልጠቁም። ስሙን አልጽፍም፤ ወደ ታች ላይ ትንሽ ስለማማው። ሰፈርተኛ የሆነ ያውቀዋል።

ወደ ወፍጮ የመለሰኝ የታሸገ ሽሮ ነው። ሥራ ሲበዛብኝ ከሱፐርማርኬት እገዛ ነበር። ይፈጥናል፣ አልዋሽም። ግን ማሸጊያው «ምጥን ሽሮ» ይላል እንጂ ምን በምን እንደተመጠነ አይናገርም። አተሩ ስንት እጅ ነው? ጓያ አለበት ወይስ የለበትም? ጎጃም ተወልዶ ጓያ ሲባል ጆሮውን የማያቆም ያለ አይመስለኝም። በክፉ ዘመን እሱን ብቻ ለወራት የበላ ሰው እግሩ እንደሚያዝ እናቶቻችን ነግረውናል፣ ሐኪሞችም የሚሉት ይሄንኑ ነው። ሽሮ ውስጥ ጥቂት ስለገባ እግር ይይዛል እያልኩ አይደለም። የምበላውን ማወቅ ግን እፈልጋለሁ። ደግሞ ያ ሽሮ ድስት ውስጥ አይወፍርም። ትጨምራላችሁ፣ ትጨምራላችሁ፣ ፓኬቱ ያልቃል።

የእኔ ሽሮ አተር ይበዛበታል። ሽምብራ ከአተሩ ግማሽ፣ ባቄላ ለወጉ ያህል። ይለቀማል፣ ይታመሳል፣ ይከካል፣ ገለባው ይነፈሳል። ከዚያ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና በሶብላ ተወቅጦ ከክኩ ጋር ይታሽና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። በርበሬው የቡሬ ነው። አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶቼ ማረቆ ማረቆ ይሉኛል፣ ይበሉ። ጥር ላይ ዛላው ገበያ ሲሞላ ገዝቼ እቀነጥሳለሁ። በዚያ ሰሞን ዓይኔን የሚያሳክከኝ ነገር ምንድነው እላለሁ፣ በሌላ ጊዜ እኮ አያሳክከኝም።

ወደ ወፍጮ ቤቱ ልመለስ። ፈጪው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፣ ሰፈሩ በሙሉ «አያ» ይላቸዋል። ጆንያችሁን ሲቀበሉ ቀጥታ ሚዛን ላይ አያወጡትም። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከትተው ከሥር አንድ እፍኝ ያወጣሉ። ከእፍኙ አንዷን ክክ በፊት ጥርሳቸው ይነክሳሉ። ከሽ ካለች ይፈጫሉ። ለመጥ ካለች፣ «እቴ፣ ይሄ አልደረቀም፤ መልሰሽ አስጪው» ብለው ይመልሱላችኋል። ወረፋ ስትጠብቁ አርፍዳችሁም ቢሆን። አንዲት ሴት ተቆጥታ «ገንዘቤን እስከከፈልኩ ድረስ ምን አገባዎት?» ስትላቸው ሰምቻለሁ። «ገንዘብሽማ ይከፈላል፣ ድንጋዬን ማን ይፍቅልኛል?» አሏት። እውነታቸውን ነው። እርጥብ ክክ ድንጋዩ ላይ ይለጠፋል፣ ዱቄቱም ሳይቆይ ይሻግታል። እኔ ለዚህች ለአንዷ ንክሻ ብዬ ሌላ ወፍጮ ቤት አልፌ እሄዳለሁ።

የበርበሬ ወፍጮው ደግሞ ለብቻው ነው። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። በርበሬ በወጣበት ወፍጮ ነጭ ሽሮ አስፈጭቶ ለልጅ የሠራ ሰው ያውቀዋል።

ሽሮና ጤፍ ግን አንድ ወፍጮ ይጋራሉ፣ ሐሜቴም እዚህ ላይ ነው። ከእናንተ ፊት ዳጉሳ ያስፈጨ ካለ፣ ነጭ ጤፋችሁ ቀላ ብሎ ይወጣል። አያ ራሳቸው ቆመው ከሆነ፣ መጀመሪያ ከእህላችሁ ጥቂት ለቀው ያለፈውን ያስወጡላችኋል። ረዳታቸው ግን ወረፋው ሲረዝም ይሄን ይዘለዋል። ቆማችሁ ካላያችሁ ዘለለው ማለት ነው። ድንጋዩ በተወቀረ፣ ማለትም ፊቱ ተነቅሶ በሻከረ፣ ማግስትማ ጨርሶ ጤፍ አትውሰዱ፣ እንጀራው ጥርስ ላይ አሸዋ ይሆናል። «መቼ ተወቀረ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። አያ አይዋሹም፣ ረዳታቸው ግን «ቆየ» ይላል።

ዋጋው በኪሎ ነው፣ በርበሬ ከሁሉም ይበልጣል። ጥሬውንና ቅመሙን ደምሬ ሳሰላው ድካሜን ካልቆጠርኩ ከታሸገው ይረክሳል። ድካሜን ከቆጠርኩማ አይረክስም። መብራት ሲጠፋ ሥራ የለም፣ ጄኔሬተር የላቸውም፤ ስለዚህ ሸክም ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት የሰፈሩን መብራት አረጋግጡ። አቧራ የማይስማማችሁ ነጠላችሁን አፍንጫችሁ ላይ አድርጉ። መቀመጫ የሚባል ነገር የለም።

ዱቄቱ ትኩስ ሆኖ ነው የሚወጣው። ቤት እንደደረሳችሁ ሰፌድ ላይ ዘርጉት። በትኩሱ ባልዲ ውስጥ ከከደናችሁት ያልበውና ይጓጉላል፣ ከዚያ «ወፍጮው አበላሸብኝ» ትላላችሁ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ግን አትሂዱ፣ ከተማው ሁሉ ሽሮ የሚያስፈጨው ያን ሰሞን ነው። እኔ ጥር ላይ ከበርበሬው ጋር አንድ ላይ እጨርሳለሁ።